ሻድሊያ ኤሊ ያበላቻቸው እንግዶች

ሻድሊያ ሬዲዮ ሲናገር ትመልስለት ነበር። ዜና አንባቢው «አድማጮቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ» ሲል፣ እሷ ከምድጃው አጠገብ ሆና «አልሐምዱሊላህ፤ አንተስ ልጄ?» ትለዋለች። አንባቢው ግን ከሰላምታው ወደ ሚኒስትሮቹ ወሬ ያልፋል እንጂ አይመልስላትም። ጎረቤቷ ሳልሐ አንድ ቀን በበሩ ስታልፍ ይህን ሰምታ መንደሩን ሁሉ አሳቀችበት። በኛ በቀርቀና ደሴት ወሬ ከጀልባ ይፈጥናልና ሻድሊያም ሳቁን ሳይውል ሳያድር ሰማችው። አልተቀየመችም። «ታዲያ ምን ላድርግ? በዚህ ቤት እንደምን አመሸሽ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው» አለች።

ዘመድ አልባ ሆና አይደለም። ሁለት ሴት ልጆች ወልዳ ድራለች፤ ትልቋ ከባሕሩ ማዶ ስፋክስ ከተማ ትኖራለች፣ ታናሿ ፈረንሳይ አገር ማርሴይ ናት። ሁለቱም ስልክ ይደውላሉ፣ ሁለቱም ሲደውሉ ይቸኩላሉ። በበጋ ይመጣሉ፤ የልጅ ልጆቿ ግቢውን አሸዋ በአሸዋ ያደርጉታል፤ ከዚያ መርከቧ ትወስዳቸውና ሻድሊያ ያን አሸዋ ለመጥረግ ልቧ እምቢ ይላታል። ባሏ ፈርሐት ከሞተ ቆይቷል። በሕይወት እያለም ወሬኛ ሰው አልነበረም። የዓሣ ወጥመዱን እየጎነጎነ ግቢው ጥግ ይቀመጣል፣ እሷ ከጧት እስከ ማታ ታወራለች፣ እሱ «እህ» ይላል። ባሏን ስታስብ የሚናፍቃት ያ «እህ» ነበር። ዝም ያለ ሰውና የሌለ ሰው አንድ አይደሉም፤ ይህን የሚያውቀው የቀበረ ነው።

ከፈርሐት የቀረላት ቤቱና ሸርፊያው ነው። ሸርፊያ በዘንባባ ዝንጣፊ ባሕሩ ውስጥ የሚታጠር አጥር ነው፤ ባሕራችን ጥልቀት የለውምና ውሃው ሲሸሽ ዓሣው አጥሩን ተከትሎ ሄዶ ወጥመዱ ውስጥ ይገባል። እኛ ዘንድ ባሕርም እንደ እርሻ ይወረሳል። አሁን ሸርፊያውን የያዘው የፈርሐት ታናሽ ወንድም ሐማዲ ነው። ጧት ጧት ድርሻዋን ዓሣ በሩ ላይ ካለው ሚስማር ያንጠለጥልና «የወንድሜ ሚስት፣ ዓሣሽ!» ብሎ ጮሆ፣ መጥታ ሳትከፍትለት ይሄዳል።

«ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ይባላል። ሻድሊያ ይህን ተረት ክፉኛ ትፈራዋለች። ስለዚህ ምሳዋን በሰሐን ይዛ የግቢው በር ላይ ቆማ ትበላ ነበር። የሚያልፈውን ሁሉ «ኑ፣ ቅመሱ!» ትላለች። የሚያልፈው ሁሉ «በልተናል፣ ይጨመርልሽ» ብሎ ያልፋል። ደንቡ ነው። በኛ አገር የተጋበዘ ሰው ቢርበውም መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ጋባዡ ደግሞ እጁን ይዞ ይጎትታል። ከመንገድ ላይ ግን ስንቱን ሰው ጎትታ ትችለዋለች?

እንዲህ እያለች ስትኖር ነው የባሕር ጥበቃ ማኅበሩ ሰብሳቢ መምህር ሞንጂ ለተማሪዎች ቤት መፈለግ የጀመረው። ተማሪዎቹ ከፖርቱጋል የሚመጡ ናቸው። በባሕራችን የሚከርሙትን ኤሊዎች ሊያጠኑ ነው ተባለ፤ ክረምቱን እዚሁ ከርመው የሚሄዱት በበጋ ነው። የታሰበላቸው ቤት ሁለት ነበር። አንዱ የሳልሐ ልጅ ፈረንሳይ ሆኖ ያሠራው፣ ወለሉ እንደ መስተዋት የሚያበራና ማንም የማይኖርበት አዲስ ቤት ነው። ሌላው የሻድሊያ ነው፤ ያረጀ፣ ግን ከባሕሩ የድንጋይ ውርወራ ያህል የሚርቅ። መምህር ሞንጂ ወደ ሻድሊያ አዘነበለ። «ለመጀመሪያው ወር ይሞክሩት፤ ከተስማማቸው እስከ በጋ አንቺው ዘንድ ናቸው» አላት።

«ምን ይበላሉ?»

«ራሳቸው ያበስላሉ፤ ምድጃውን ብቻ ታሳየን ብለውኛል።»

«በኔ ቤት? እንግዳ ድስት ጥዶ እኔ ቆሜ ልመለከት? አንተ መምህር ነህ፣ እንዲህ ያለ ነገር አትናገር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻድሊያን ያየ ሁሉ ልጅ የምትድር ይመስለው ነበር። ፍራሾቹን ተርትራ ሱፉን በባሕር ውሃ አጥባ፣ ጣራው ላይ አስጥታ፣ እንደገና ሞላችው። ግድግዳውን ኖራ ቀባች። ዝናብ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ አስጠረገች። ማታ ማታ ሬዲዮው ሲናገር መልስ መስጠቷን እንኳ ረሳችው። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፦ ወሩ አልቆ «ተስማምቶናል» እንዲሏት።

በመከር መግቢያ ላይ ሦስት ሆነው መጡ። አለቃቸው ማቲልድ የምትባል፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። ሁለተኛው ዱዋርቴ ነው፤ ቁመቱ በየበሩ መቃን ግንባሩን የሚያስመታው። ሦስተኛዋ የኛው አገር ልጅ ኢብቲሳም ናት፤ ከቢዘርት ሄዳ ከነሱ ጋር እዚያው ፖርቱጋል የምትማርና ለሁሉም የምታስተረጉም። ሻድሊያ ወደብ ድረስ ወርዳ ተቀበለቻቸው። ሦስቱንም ጉንጫቸውን ስማ፣ የዱዋርቴን ሻንጣ ከእጁ ልትቀማ ስትታገል ወደቡ ሁሉ አያት።

«ኻልቲ፣ ይተዉለት፣ ከባድ ነው» አለች ኢብቲሳም፤ ኻልቲ በኛ ቋንቋ አክስቴ ማለት ነው።

«ዝም በይ። ይህ ልጅ መንገድ አድክሞታል፤ አታይውም እንዴ፣ ቆሞ እንኳ ጎብጧል።»

ዱዋርቴ የጎበጠው እሷን ለመስማት ነበር።

ይዘዋቸው የመጡትን የቆርቆሮ ምግቦች ሻድሊያ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። ጧት ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ ዳቦው ትኩስ ነው፣ የወይራ ዘይቱና ሃሪሳ የምንለው የበርበሬ ድልህ ቀርቧል፣ እሷም አልጋቸው ራስጌ ቆማ «ተነሱ፣ ይቀዘቅዛል» ትላለች። ከባሕር ሲመለሱ በሩ ላይ ናት። ልብሳቸውን ከገመዱ ላይ አውርዳ ካልሲ ሳይቀር ትተኩሳለች። ገመዱ ላይ ደግሞ ኦክቶፐስም ይደርቅ ስለነበር የዱዋርቴ የዋና ልብስ በሁለት ኦክቶፐስ መሃል ተሰጥቶ ያየ ሁሉ ይስቃል። ማታ ሊሠሩ ጠረጴዛውን ሲከቡ፣ ወንበሯን ስባ አብራ ትከባለች። የሚሉት ባይገባትም ሲስቁ አብራ ለመሳቅ ፊታቸውን ታያለች። ለወሬ ወደ ባሕሩ ዳር ዘወር ካሉም ፎጣና ሻርፕ ይዛ ትከተላቸዋለች፤ «ነፋሱ ተንኮለኛ ነው፣ ደረታችሁን!» እያለች።

ከደሴቷ ቋንቋ ዱዋርቴ መጀመሪያ የተማረው ቃል «በቃኝ» ነበር። በሻድሊያ ገበታ ላይ ያለዚያ ቃል መኖር አይቻልማ። እሱ «በቃኝ» ይላል፣ እሷ አንድ ጭልፋ ትጨምራለች። እጁን ሰሐኑ ላይ ሲከድን በጣቶቹ መሃል ትጨምርለታለች። እናቷ ያስተማረቻት እንዲያ ነው፤ በቃኝ የሚል እንግዳ ገና አልጠገበም።

አንድ ቀን ከኤሊ ጀርባ ፍቀው ያመጡትን ዛጎልና ዝቃጭ በብልቃጥ አድርገው መስኮት ላይ አስቀመጡ። ሻድሊያ ሽታው አላስቆም ቢላት ለዶሮዎቿ በተነችውና ብልቃጡን አጥባ መለሰችላቸው። ማቲልድ ባዶውን ብልቃጥ አንስታ ብዙ አየችው። ከዚያ ፈገግ አለችና በኢብቲሳም አፍ «ንጹሕ ሆኗል፣ እናመሰግናለን» አለች። ሻድሊያ ደስ አላት። በሚቀጥለው ቀን የቀሩትንም ብልቃጦች አጠበች።

ነፋሱ በርትቶ ባሕሩ ሲደፈርስ ጀልባ አልወጣ አለ። ኤሊ የሚባል ነገር ጠፋ። ልጆቹ በየቀኑ ከመስኮቱ ወደ ባሕሩ ያያሉ፣ ኤሊ ይላሉ፣ ፎቶ ይገልጣሉ፣ ፎቶውም ኤሊ ነው። ፊታቸው ጠቆረ፤ ይበልጡን ጊዜ እርስ በርሳቸው ማውራት እንኳ ተዉ። ሻድሊያ ይህን ሁሉ አየች። ልጆቹ ምን እንዳማራቸው ገባኝ አለች። ከሰው አገር ድረስ የመጡበትን ነገር አፋቸው ላይ ሳያደርጉ ወሩ ሊያልቅባቸው ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ ያፍራሉ።

እንዲህ ስላለች ሞኝ አትበሏት። ልጅ ሳለች ከዋና ከተማ የመጡ ሹማምንት ኦክቶፐሶቻችንን በሲባጎ ለክተው፣ በሚዛን መዝነው፣ ሲመሽ የለኩትን ሁሉ ጠብሰው በልተው ሄደዋል። የማይበላውን ማን ይለካል? ኤሊ መብላት መከልከሉን ደግሞ ሰምታለች። በኛ ደሴት ግን የተከለከለ ማለት ለታመመና ለክብር እንግዳ የሚቀመጥ ማለት ነበር፤ ሁላችንም «ድሮ ቀረ» እያልን አፋችንን እንጠርግ ነበር።

ስለዚህ ሐማዲን በር ላይ ጠብቃ ያዘችው። «መረብ ውስጥ ሞታ የተገኘች ካለች፣ ለኔ» አለችው።

«የወንድሜ ሚስት፣ ለማን ልታበያት ነው?»

«ለእንግዶቼ ነዋ።»

ሐማዲ ጺሙን አከከ። «መሐሉ ላይ ያልገባኝ ነገር አለ» አለ፤ ግን ለእንግዳ የተጠየቀውን እምቢ ያለ ሰው በቤታችን የለምና አመጣላት።

ኩስኩሱን በገብስ ሠራችው። ሥጋውን በከሙንና በቲማቲም ቀቀለችው፤ ሽንብራ ጣለችበት። ሽታው ሰፈሩን አወደው። ልጆቹ ያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ አብልጠው በሉ። ዱዋርቴ ሳትለምነው ሰሐኑን ዘረጋ፤ ሻድሊያ በዕድሜዋ እንደዚያች ሰዓት የተደሰተችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ልጆቿ ሲዳሩ እንኳ እያለቀሰች ነበር።

«ኻልቲ፣ ዱዋርቴ ይህ ምን ሥጋ ነው ይልዎታል። እንዲህ ያለ በልቶ አያውቅም» አለች ኢብቲሳም አፏን እየጠረገች።

«መች አያችሁ ገና!» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። አጥባ በወይራ ዘይት ያሸችውን ቅርፊት በፎጣ ሸፍና አመጣችው፤ ገበታው መሃል አስቀምጣ ፎጣውን ገለጠች። «ለናንተ ብዬ ነው። ኤሊ ኤሊ ስትሉ ከርማችሁ ሳትቀምሷት ብትሄዱ እኔ ሰው ነኝ?»

ማቲልድ ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ዱዋርቴ ቅርፊቱን አየ፣ ሰሐኑን አየ፣ ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ አፉን ይዞ ወደ ግቢው ሮጠ፤ ሲወጣም ግንባሩን መቃኑ ላይ መታው።

«ምነው? ጨው በዛበት?»

«ኻልቲ...» አለች ኢብቲሳም። «እነዚህ ሰዎች የመጡት ኤሊዎቹ እንዳይሞቱ ነው።»

«እሷማ ሞታ ነው የተገኘችው። ሐማዲን ጠይቂው።»

«እንዳይበሉም ነው።»

«ማን እንዳይበላቸው?»

«ሰው።»

«የትኛው ሰው?»

«እርስዎ!» አለች ኢብቲሳም፤ አለችና ራሷ ደነገጠች።

ሻድሊያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ፎጣውን አንስታ ቅርፊቱን መልሳ ሸፈነችው፤ አስከሬን እንደሚሸፈን። ማቲልድ ተነስታ ትከሻዋን ነካ አድርጋ አንድ ነገር አለቻት። ኢብቲሳም «ግድ የለም፣ አይዞዎት ትላለች» ብላ አስተረጎመች። ከዚያም፣ እንግዲህ ፈረንጅ ፈረንጅ ነው፣ ቅርፊቱን በሜትር ለኩት፣ ፎቶም አነሱት።

ወሩ ሲያልቅ መምህር ሞንጂ መጣ። ልጆቹ ሻንጣቸውን ቋጥረው ነበር። ቤት ሊቀይሩ ነው አለ፤ ለሥራቸው እንዲመች፣ ዕቃም ስለሚበዛ፣ ደንብም ስላለ... ብዙ አለ። አስተማሪ ሰው ምክንያት ሲያበዛ አንዱንም አላመነበትም።

«በኤሊዋ ነው?» አለች ሻድሊያ።

ማቲልድ ኢብቲሳምን አየች፤ ኢብቲሳም ዱዋርቴን አየች፤ ዱዋርቴ ጫማውን አየ። አዎ ያለ የለም፣ አይደለም ያለም የለም። ሻድሊያ የሚበቃትን ያህል ሰማች። ሻንጣቸውን ተሸክማ እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው። አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ፣ የገቡት ሩቅ አይደለም፣ እዚያው መንደር የሳልሐ ልጅ ባዶ ቤት ነው።

ሳልሐ ያን ሰሞን አፏ ሥራ አልፈታም። ሴቶቹ ወደቡ አጠገብ ኦክቶፐስ ድንጋይ ላይ እየደበደቡ ሲያለሰልሱ፣ «ሰምታችኋል?» ትላለች፤ «ሻድሊያ ለለቅሶ ደራሾች ሟቹን ቀቅላ አበላቻቸው!» ሴቶቹ በሳቅ ይፈነዳሉ። ለሻድሊያም በፊቷ «አንቺ ሴት፣ ወደሽ ከተደፋሽ ቢረግጡሽ አይክፋሽ» አለቻት።

አልከፋኝም አለች። ከፍቷታል። ሦስቱን አልጋ ሳታፈርስ እንደተነጠፈ ተወችው። ጠረጴዛውን ከከበቡት ወንበሮች አንዱንም አላነሳችም። ባዶ ቤት ለባዶነቱ የለመደ ሰው ይችለዋል፤ ሞልቶ የጎደለ ቤት ግን ያስፈራል፤ ሻድሊያ ያን ክረምት ፈራች። ሬዲዮውን ትከፍታለች፣ ዜና አንባቢው እንደምን አመሻችሁ ይላል፣ እሷ ዝም ትላለች። ምሳዋን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም ልጆቹ ወደ ጀልባቸው ሲያልፉ ታያቸዋለች።

«ኑ፣ ቅመሱ!»

«በልተናል፣ ይጨመርልሽ!» ይላታል ዱዋርቴ። አሁን ደንቡን አሳምሮ ተምሯል።

አንድ ጧት ሐማዲ እንደ ወትሮው ጮሆ አልሄደም። በሩን ደበደበ። «የወንድሜ ሚስት! ዓሣሽን ኤሊ በላብሽ! ሸርፊያው ውስጥ ገብታ፣ ወጥመዱን ሰባብራ፣ አጥሩን ገንጥላ፣ አሁንም እዚያው ናት። በመቅዘፊያው አናቷን ብዬ...»

«አትነካትም!» ሻድሊያ ባዶ እግሯን ወጣች። «ሐማዲ፣ በፈርሐት ነፍስ አትነካትም። ሂድና ልጆቹን ጥራቸው።»

«አጥሩስ? ያንን ሁሉ ዝንጣፊ ማን ሊተክልልኝ ነው?»

«እኔ እተክልልሃለሁ። ሂድ አልኩህ!»

ሐማዲ እያጉረመረመ ሄደ። ሻድሊያ ቀሚሷን ሰብስባ ባሕሩ ውስጥ ገባች። ውሃው ክረምት ነው፣ ወገቧ ሲደርስ ትንፋሿን ነጠቃት። ኤሊዋ አጥሩ ጥግ ላይ ተጨናንቃ፣ የወጥመዱ ገመድ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሻድሊያ ገመዱን በጥርሷም በእጇም እየታገለች ፈታችው። ከዚያ እንዳትወጣ የተገነጠለውን አጥር በጀርባዋ ደግፋ ቆመች። ኤሊዋ ራሷን ብቅ አድርጋ እንደ ሽማግሌ በረዥሙ ተነፈሰች።

«አይዞሽ፣ ይመጣሉ» አለቻት ሻድሊያ። «አንቺን ሲሉ ነው የመጡት። እኔማ እንዲያው መሃል ገባሁ።» ወሬ ሳትጠግብ የከረመች ሴት ናትና ብዙ አወራቻት። ስለ ማርሴይዋ ልጇ ነገረቻት፣ ስለ ሳልሐ አፍ ነገረቻት፣ ስለዚያ ስለ ገብሱ ኩስኩስ ይቅርታ ጠየቀቻት።

ልጆቹ ሲደርሱ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። እንዴት ያለ ደስታ ሆነ! ኤሊዋ ትልቅ ነበረች፤ ለኳት፣ ዓይኗን አዩ፣ ከክንፏ ላይ ምልክት አሰሩላት። ዱዋርቴ ጃኬቱን አውልቆ ሻድሊያን አለበሳት፤ ማቲልድ ውሃው ውስጥ እንዳለች አቀፈቻትና ጉንጯን ሳመቻት። ኤሊዋን ከአጥሩ ውጭ ሲለቋት ሁሉም አጨበጨቡ፤ ሐማዲ እንኳ፣ አጥሩን ረስቶ። ሻድሊያ ዛሬ ይቅር ተባልኩ አለች በልቧ። ቤቷ ገብታ የሦስቱን አልጋ አንሶላ ስትቀይር አደረች ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ሥጋ የሚባል ያልነካው የምስር ወጥ ሠርታ፣ የዱዋርቴን ጃኬት አጥባ ተኩሳ፣ ወደ ሳልሐ ልጅ ቤት ሄደች። ቤት የነበረችው ኢብቲሳም ብቻ ናት። ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች አገኘቻት።

«ኻልቲ ሻድሊያ! ይግቡ። ሁለቱ ጀልባ ላይ ናቸው።»

«ላንቺው ልንገርሽ፣ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።» ድስቱን አስቀመጠች። መንገድ ላይ ስትደጋግመው የመጣችውን በአንድ ትንፋሽ አለችው። «ኤሊ ከእንግዲህ ደጄን አትረግጥም። ጋባዥም ብሆን ታማሚም ብሆን። ሐማዲንም አስምዬዋለሁ። ክፍሎቹ እንደነበሩ ናቸው። ተመለሱ።»

ኢብቲሳም እርጥብ ካልሲ በእጇ እንደያዘች ቆመች። «ኻልቲ፣ የኤሊው ነገር እኮ የዚያኑ ዕለት አልቋል። ማቲልድ ለአስተማሪዋ በስልክ ስትነግራት ሁለቱም በሳቅ ሞተው ነበር።»

«ታዲያ በምን ወጣችሁ?»

ልጅቷ ካልሲውን ሰቀለች፤ መልሳ አወረደችው።

«መምህር ሞንጂን ሌላ ቤት ፈልግልን ያልነው ከኤሊዋ በፊት ነው።»

«በፊት?»

«በፊት።»

«ምን አጎደልኩባችሁ?»

«ምንም አላጎደሉም። ኻልቲ፣ እንዴት አድርጌ ልንገርዎት... ዱዋርቴ ሲጽፍ አጠገቡ ነዎት። ማቲልድ እናቷን በስልክ ስታወራ አጠገቧ ነዎት። ስንተኛ አሉ፣ ስንነሳ አሉ። ዱዋርቴ መተንፈስ አቃተኝ ይል ነበር። እኔም ቀን ሙሉ ለሁሉም እያስተረጎምኩ... አንዳንዴ ለአንዲት ሰዓት ብቻዬን መሆን ያምረኝ ነበር።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ሻድሊያ ያን ቃል ሰው እንዲህ ሲመኘው ሰምታ አታውቅም። እሷ ሰሐን ይዛ በር ላይ የምትቆመው ከዚያ ቃል ለመሸሽ ነው፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ከሷ ሸሽተው የሄዱት ወደሱ ነው። ኤሊ ያበላ ሰው ማረኝ ይላል፣ ይምላል፣ ሌላ ወጥ ይሠራል። ለዚህኛው ምን ወጥ ይሠሩለታል?

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች።

«በቃን እንል ነበር እኮ፣ ኻልቲ።»

«እንግዳ በቃኝ ካላለ ምን ሊል ነው?»

ኢብቲሳም የኛው አገር ልጅ ናት፤ ይህን መጠየቅ ምን እንደሆነ ገብቷታል። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሻድሊያ እንባውን በሻርፗ ጫፍ ልትጠርግላት እጇን ሰደደች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግን እጇ ቆመ። መልሳ ወሰደችው።

«አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ልጄ።»

«ይዘዙኝ።»

«ሰው ከጠየቃችሁ ኤሊ ስላበላችን ነው የወጣነው በሉ። ሁላችሁም። ለመምህር ሞንጂም ንገሪው።»

«ኻልቲ፣ ሰው ይስቅብዎታል እኮ።»

«ይሳቅ።»

ስትመለስ ሳልሐ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። «እህሳ!» አለቻት ገና ከሩቅ፤ «ታረቃችሁ? ወይስ ኤሊዋ አሁንም ከመቃብሯ ትጮሃለች?»

ሻድሊያ ቆመች። «ምን ትታረቂያለሽ!» አለች። «ፈረንጅ ኤሊውን ከበላሽበት አለቀ፣ ከሰው ቁጥር ያወጣሻል። አንቺ ደግሞ ያን ቀን አላየሽው! ያ ረጅሙ ሦስት ሰሐን ከላሰ በኋላ ቅርፊቱን ሲያይ፣ አፉን ይዞ ሲሮጥ፣ ግንባሩን ከመቃኑ ጋር ሲያላትመው...» እየሠራች አሳየቻት፤ ማቲልድን ሆነች፣ ዱዋርቴን ሆነች፣ ያላሉትን ሁሉ ጨመረችላቸው። ሳልሐ ባቄላው ከጭኗ ላይ እስኪረግፍ ሳቀች። ሻድሊያም አብራ ሳቀች። ኤሊ አብልታ እንግዶቿን ያባረረች ሴት መባል ሞኝነት ነው፤ ይሳቅበታል፣ ያልፋል፣ ሰው ይህን ይዞ መኖር ይችላል። እስከ ዛሬም መንደራችን የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

«በቃ፣ በቃኝ! ሆዴን ቆረጠኝ!» አለች ሳልሐ እንባዋን እየጠረገች። «ድስቴ ያርርብኛል፣ ልግባ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሻድሊያ እጇን ይዛ «ቆይ እንጂ፣ ዋናውን መች ነገርኩሽ» ትላት ነበር።

«እሺ፣ ግቢ» አለቻት።